ብሮድዌይ አካባቢ ዋጋው የማይጎዳ ምግብ ቤት የምታውቁ እርዱኝ

ሰላም ለሁላችሁ። ኒውዮርክን የምታውቁ እባካችሁ ተባበሩኝ። እናቴ ከአዲስ አበባ መጥታለች፤ እሷንና ታናሽ እህቴን ይዤ ከሜሪላንድ በአውቶቡስ መጥተን ብሮድዌይ ላይ ቴአትር እናያለን። ትኬቱን ቆርጫለሁ፣ የረቡዕ ከሰዓቱን። የቸገረኝ ምግቡ ነው።

እናቴ ረቡዕን ትጾማለች። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም ስለማትቀምስ ቴአትሩ እንዳለቀ ወዲያው አረፍ ብላ የምትበላበት፣ ሥጋ፣ ቅቤና እንቁላል የሌለበት ደህና ምግብ ያለው ቤት እፈልጋለሁ። አምና እኔና እህቴ ታይምስ ስኩዌር አጠገብ ዝም ብለን አንዱ ቤት ገብተን ለተራ ፓስታ 90 ዶላር ከፍለናል፣ ያውም ሳንጠግብ። እስካሁን ይቆጨኛል።

46ኛው ጎዳና ላይ በ8ኛውና በ9ኛው አቬኑ መካከል ምግብ ቤቶች ተደርድረው እንዳሉ አውቃለሁ። ግን ብዙዎቹ ቴአትር ተመልካቹን አስበው ዋጋ የሚቆልሉ ይመስለኛል። 9ኛው አቬኑ ላይ የታይላንድም፣ የሜክሲኮም፣ የአረብም ምግብ አለ፤ ይረክሳልም ይባላል። የትኛው ቤት ይሻላል? እናቴን ጉልበቷን ስለሚያማት ብዙ መራመድ አትችልም፣ ቆሞ መብላትማ ጭራሽ አይሆንም።

በጀቴ ለሦስታችን 100 ዶላር ነው። ታክሱ ብቻ ወደ 9 በመቶ ይጠጋል፣ ቲፕም አለ፤ ስለዚህ የምናዘው ከ75 ዶላር ማለፍ የለበትም።

የበላችሁበትን ቤት በስሙ ንገሩኝ። ቀድሞ መቀመጫ ማስያዝ ካስፈለገም ጠቁሙኝ፣ የቀረን አንድ ሳምንት ነው።