ነዳጃችንን የሚጨርሰው አነዳዳችን ነው ወይስ መስቀለኛው?

የክርክሩ ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ላይ ቤንዚን በሊትር ከ100 ብር ካለፈ ወዲህ «ረጋ ብላችሁ ንዱ፣ ይቆጥባል» የሚል ምክር በዝቷል። እውነት ጥፋቱ የሹፌሩ ነው?

የሚኒባስ ሹፌር፦ ኧረ ተዉን። ጠዋት ጠዋት አንድ መስቀለኛ ላይ መብራቱ እየሠራ ትራፊኩ በእጁ ይይዘናል፣ ትላንት በስልኬ ለካሁት፣ 9 ደቂቃ። አረንጓዴው ስንቴ በርቶ ጠፋ። ሲለቀን ደግሞ ሁላችንም ባንዴ ግር ብለን ቀጣዩ አደባባይ ላይ እንታጨቅና እዛም ሌላው ይይዘናል። ታዲያ ቆሜ የሚቃጠለውን በየት በኩል ነው ረጋ ብዬ የምቆጥበው?

መካኒክ፦ ወንድሜ መያዙ እውነት ነው፣ ግን ጋራዥ የሚመጣውን ብታይ። ባለፈው ሳምንት አንድ ዲኤክስ፣ ያ የድሮው ቶዮታ፣ «ቤንዚን ይጠጣል» ተብሎ መጣ፣ ካንዴላውን (እሳት የሚያስነሳውን) ስፈታው ጥላሸት ለብሷል። ከተማችን ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ አየሩ ስስ ነው፣ ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ካርቡራተር ለዚህ ካልተስተካከለ ቤንዚኑ ይበዛበትና በጭስ ይወጣል። የጎማ ነፋስ የሚያስለካ ሰውማ የለም ማለት ይቻላል። ከሽሮ ሜዳ ቁልቁል በፎሌ፣ ማለትም ከማርሽ አውጥታችሁ፣ የምትለቁት ደግሞ ጭራሽ ኪሳራ ነው፣ ኢንጀክሽን መኪና፣ ካርቡራተር የሌለው፣ በማርሽ እያለ እግርህን ከነዳጅ ካነሳህ ነዳጁን ራሱ ይዘጋል፣ ፎሌ ካደረግከው ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ መብላቱን ይቀጥላል፣ ፍሬኑም ይግላል።

ባለ ቪትዟ፦ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ ግን ብሩ የት እንደሚሄድ እናስላ። ቆሞ የሚሠራ ትንሽ ሞተር በሰዓት ግማሽ ሊትር ይበላል እንበል፣ ጠዋትና ማታ ተደምሮ አንድ ሰዓት ብቆም በ25 የሥራ ቀን 12 ሊትር ተኩል ነው፣ ከ1,250 ብር በላይ! ይሄ በኔ እግር የሚስተካከል አይደለም። መብራቶቹ ተያይዘው አንዱን ያለፈ ቀጣዩን አረንጓዴ እንዲያገኘው ቢደረግ፣ ትራፊኩም እጁን የሚያነሳው አደጋ ሲኖር ብቻ ቢሆን ትልቅ ነገር ነበር።

እግረኛዋ፦ እህቴ ለመኪና ብቻ አታስቢ እንጂ። የዚህ ከተማ ሰው ከጉዞው ግማሽ ያህሉን በእግሩ ነው የሚሄደው። እናንተ አንዱን አረንጓዴ ከሌላው ስታያይዙ እኔ ልጅ አዝዬ መሃል መንገድ ላይ ልቁም? መንገዱ ቢከፈትም ሌላ መኪና ይሞላዋል። ለአውቶቡስ የራሱን መስመር ስጡትና በትክክል አስከብሩለት፣ አንድ አውቶቡስ ስንት ሚኒባስ ሙሉ ሰው ነው የሚያነሳው!

ባለ ኤሌክትሪኩ፦ በ2024 የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት ተከልክሏል፣ ጊዜ ይፈታዋል። የኔ ቆሞ ምንም አይበላም ማለት ይቻላል።

የሚኒባስ ሹፌር፦ ያንተ አይበላም፣ እኔ የያዝኩትን መኪና ግን ነገ ማን ይለውጥልኛል? የእህታችን የአውቶቡስ ነገር እንጀራዬን ቢነካም ሐሰት ነው አልልም። መካኒክ፣ ፎሌውን ተቀብያለሁ። እዛ 9 ደቂቃ ላይ ባጠፋውስ? ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖ አይጎዳም?

መካኒክ፦ ባትሪህ ደህና ከሆነ ከአንድ ደቂቃ በላይ እንደምትቆም ካወቅህ አጥፋው። ቁልቁለት ላይ ግን እንዳትሞክረው፣ ፍሬኑ ይደርቅብሃል፣ መሪውም ይከብዳል። መጀመሪያ ግን እሁድ ይዘኸው ና፣ ባትሪውን ልየው።