«90» የሚል ቁጥር ያላቸው የአያቴ ማንኪያዎች፦ ብር ናቸው ወይስ ልባጥ?

የአዳማዋ፦
ጤና ይስጥልኝ። ከአያቴ የወረስናቸው 12 የሾርባ ማንኪያዎች፣ 12 ሹካዎችና አንድ የሻይ ብራድ አዳማ በሚገኘው ቤታችን ቡፌ ውስጥ ከተቀመጡ ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል። አያቴ በባቡር መሥሪያ ቤት ሲያገለግሉ ወደ አገራቸው ከሚመለሱ የውጭ ሰዎች እንደገዟቸው ይነገራል። በእጀታዎቹ ጀርባ «90» የሚል ቁጥር ስላለ እናቴ ዘጠና በመቶ ብር ናቸው ብላ ታምናለች፤ አንድ አንጥረኛ ግን ለማቅለጥ እንኳን አይሆኑም አለን። ማግኔት አይስባቸውም፤ ሁሉም ጠቁረዋል። ከቡፌው ወጥተው ለእንግዳ ቢቀርቡ ይጎዳሉ?

ነባር ዕቃ፦
እህቴ፣ አንጥረኛው እውነቱን ነግሮዎታል። «90» የንጽሕና መለኪያ ሳይሆን፣ በጀርመንና በኦስትሪያ ፋብሪካዎች ልማድ፣ 12 የሾርባ ማንኪያዎችንና 12 ሹካዎችን በአንድነት ለመለበጥ የዋለው ብር 90 ግራም መሆኑን የሚገልጽ ነው፤ ለእያንዳንዱ ሲካፈል አራት ግራም እንኳን አይሞላም። ውስጡ አብዛኛውን ጊዜ የመዳብ፣ የኒኬልና የዚንክ ቅይጥ ነው፤ ጣልያኖች አልፓካ የሚሉት ይህንኑ ሲሆን፣ በቅይጡ ውስጥ ምንም ብር የለም። ይህም ቅይጥ ሆነ ድፍን ብር በማግኔት ስለማይሳብ ሙከራዎ አይለያቸውም። በድፍን ብር ላይ የሚታተመው እንደ 800 ወይም 925 ያለ ቁጥር ነው። የበርሚንግሃሙ ኤልኪንግተን በኤሌክትሪክ የመለበጥን ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1840 ካስመዘገበ ወዲህ፣ ድፍን ብር የመግዛት ዐቅም ያልነበረው ብዙ ቤተሰብ ገበታውን በዚህ ዓይነት ዕቃ ማስጌጥ ቻለ።

የቡና ሰዓት፦
ጥቁረቱ ብሩ በአየርና በምግብ ውስጥ ካለ ድኝ ጋር ሲዋሐድ የሚፈጠር ነው፤ ዕንቁላልና ሽንኩርት ያፋጥኑታል። እናቶቻችን በአመድና በሎሚ ይፈትጉ ነበር፤ አመድ ግን ስሱን ልባጥ ይፍቃል፤ የጥርስ ሳሙናም እንዲሁ። የሳህኑን ወለል በአሉሚኒየም ፎይል ሸፍነው፣ ማንኪያዎቹን ፎይሉን እንዲነኩ አድርገው ይደርድሩ፤ ከዚያም ቤኪንግ ሶዳ ነስንሰው የፈላ ውኃ ያፍሱበት። ድኙ ወደ አሉሚኒየሙ ስለሚሄድ ብሩ ሳይፋቅ ይጸዳል። ብራዱ የእንጨት እጀታ ካለው ግን እንዲህ አይንከር። በረኪና በጭራሽ አያስጠጉ፤ ሲያስቀምጧቸውም በጎማ ላስቲክ አንድ ላይ አይሰሯቸው።

ነባር ዕቃ፦
ሁሉንም አያውጡ ባይ ነኝ። አስቀድመው የማንኪያውን ጀርባ፣ ጠረጴዛ የሚነካውን ሆድ፣ ይመልከቱ፤ ቢጫ ቢጤ ከታየ ልባጡ አልቋልና ከሎሚና ከቲማቲም ስጎ ያርቁት። ደህናዎቹን ግን ይጠቀሙባቸው፤ ዘወትር ታጥቦ የሚደርቅ ማንኪያ ተቆልፎበት ከኖረው ያነሰ ይጠቁራል። እንጀራ በእጅ ስለሚበላ፣ ሹካዎቹ ፓስታ በሚቀርብበት ቀን ብቻ ቢወጡ ይበቃቸዋል።

የአዳማዋ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። በሁለት ማንኪያዎች ጀርባ ላይ ቢጫው ታይቷል። እናቴ ስለ ቁጥሩ ስነግራት ለጊዜው ዝም አለች፤ ቆይታ ግን አሥሩ ማንኪያዎች ለእሑድ ምሳ ይውጡ ብላለች። ብራዱ ከቡፌው አይነቃነቅም።