ክርክር፦ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ክረምቱን ጤና ጣቢያና ወረዳ ገብቶ ይሥራ ወይስ ቁጭ ብሎ ያጥና?

የባዮሎጂ መምህርት
ሰላም ወገኖች። ትምህርት ቤታችን ውስጥ የተነሳ ጉዳይ ስለሆነ ወላጆችም መምህራንም ተማሪዎችም ሀሳባችሁን ስጡበት። 11ኛን የጨረሱ ልጆች ክረምት ላይ ለተወሰኑ ሳምንታት በሰፈራቸው ጤና ጣቢያ፣ ቤተ መጻሕፍት፣ ወረዳ፣ የአረጋውያን መርጃ ምናምን ገብተው ኢንተርንሺፕ ቢሠሩ፣ ይሄም ለሁሉም ግዴታ ቢሆን ትደግፋላችሁ?

እኔ እደግፋለሁ። ባለፈው ክረምት ጥቂት ተማሪዎቼን በወላጅ ፈቃድ አንድ ጤና ጣቢያ ክትባት ክፍል በር ላይ እንዲያግዙ አድርገን ነበር። ሥራቸው እናቶችን በተራ ማስቀመጥ፣ የክትባት ካርዱን አይቶ የሚቀጥለውን ቀጠሮ ማስላትና ለነርሷ ማሳየት ነው፣ መርፌም መድኃኒትም አይነኩም። ክፍል ውስጥ ዓመቱን ሙሉ ድምጿን ሰምቼው የማላውቅ ልጅ አንድ ቀን መጥታ "ቲቸር እናቶቹ የሚጠፉት እኮ ከ14 ሳምንቱ በኋላ ነው፣ እስከ 9 ወር ድረስ ረጅም ክፍተት አለ፣ ይረሱታል" አለችኝ። ልክ ናት። ሲወለድ አለ፣ በ6 ሳምንት አለ (እናቶቹ የ45 ቀን የሚሉት)፣ በ10 እና በ14 ሳምንት አለ፣ ከዛ የኩፍኙ በ9 ወር ሁለተኛው ደግሞ በ15 ወር ነው። ቀጥላ ታዲያ ኩፍኙን ለምን ቀደም ብለው አይሰጡትም አለችኝ። ምክንያቱ ከእናቱ በማኅፀን የወረሰው አንቲቦዲ የመጀመሪያዎቹን ወራት ክትባቱን ስለሚያከሽፈው ነው። ይሄንን ሰሌዳ ላይ ጽፌ አስተምሬዋለሁ፣ ማንም አልጠየቀኝም ነበር። እዛ በር ላይ የቆመች ልጅ ግን ራሷ ጠየቀችኝ። ለኔ ትምህርት ማለት ይሄ ነው።

አባት ከአየር ጤና
መምህርት አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ እኔ አልስማማም። የ12ኛ ክፍል ውጤት የምናየው ነው እኮ፣ 50 በመቶና ከዛ በላይ ያመጣው በ2014 3.3 በመቶ፣ በ2015 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 8.4 ነው። ልጆቹ እየወደቁ ያሉት ማትስና ፊዚክስ ላይ ነው፣ እናት በተራ ማስቀመጥ ስላልቻሉ አይደለም። ክረምት ማለት ለኛ የቱቶሪያል ጊዜ ነው፣ የ9ኛውን የ10ኛውን ክፍተት የሚሞላበት ሌላ ጊዜ የለውም፣ መስከረም ከገባ በኋላ የ12ኛው መጽሐፍ ራሱ አያልቅም። ልጄ ዩኒቨርሲቲ ይግባና ኢንተርንሺፑን ኢንጂነሪንግ ላይ ሲደርስ ይወጣዋል፣ እዛ አለ አይደል እንዴ።

የቴክኒክና ሙያ አሰልጣኝ
ወንድሜ የጠራኸውን ቁጥር ገልብጠህ እየው። በ2017 8.4 አለፈ ማለት 91.6 አላለፈም ማለት ነው። የተወሰነው ሪሜዲያል ይገባል፣ ብዙው ግን ወይ እኛ ጋ ይመጣል ወይ ቤት ይቀመጣል። እኛ ጋ የሚመጣውን ልጅ እኔ በየዓመቱ አየዋለሁ። 12 ዓመት ተምሮ ከማያውቀው ሰው ጋር ስልክ ማውራት የሚፈራ፣ ማመልከቻ መጻፍ የማይችል፣ 2 ሰዓት ግባ ሲባል 3 ሰዓት የሚመጣ አለ፣ ልጁ ሰነፍ ሆኖ አይደለም፣ ከቤትና ከክፍል ውጪ ማንም ምንም አደራ ሰጥቶት አያውቅም። የኛ ሥልጠና አብዛኛው ተግባር ነው፣ የትብብር ሥልጠና ብለን ድርጅት ውስጥ እናስገባቸዋለን፣ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚያልቁት ሙያውን በማስተማር ሳይሆን ሰላምታና ሰዓት በማስተማር ነው። ይሄ 11ኛ ላይ ቢጀመር ምን ይጎዳል?

ተማሪ ነኝ 12ኛ
እኔ ሠርቼ ስለማውቅ ልናገር። አንድ መሥሪያ ቤት ነበር የተመደብነው ስሙን አልጠራም፣ እዛ የሠራነው ፎቶ ኮፒ ማድረግ፣ ፋይል ከአንድ ክፍል ወደ ሌላ ክፍል መውሰድና ለሠራተኞች ምሳ መግዛት ነው፣ ማንም ይሄ ፋይል ምንድነው ብሎ አልነገረንም እኛም አልጠየቅንም። መጨረሻ ላይ ሰብስበውን ፎቶ ተነሳን ሰርተፍኬት ተሰጠን። ታክሲ በራሳችን ነው ምሳም በራሳችን ነው። ጓደኛዬ ታክሲ ሲያጣ በእግሩ ነበር የሚመጣው። ስለዚህ ግዴታ ከመሆኑ በፊት ምን እንደምንሠራ የሚያውቅ ሰው ይኑር ነው የምለው፣ ካልሆነ ጊዜያችን ነው የሚያልቀው።

የባዮሎጂ መምህርት
@ተማሪ ነኝ 12ኛ ያልከው በጣም ያሳዝናል፣ ደግሞ እውነት ነው። የኔ ልጆች የተጠቀሙት ነርሷ ስማቸውን ስለምታውቅ ነው፣ ጠዋት ጠዋት ዛሬ የምንሠራው ይሄ ነው ትላቸው ነበር፣ ሲሳሳቱም እዛው ታርማቸዋለች። ያ ሰው ከሌለ ልጅ ላኩልን የሚል ደብዳቤ ቢመጣም መላክ የለብንም።

የ67ቱ ዘማች
ልጆቼ እኔ ከሁላችሁም በዕድሜ እበልጥ ይሆናል። በታህሣሥ 1967 ለዕድገት በሕብረት ስንዘምት የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። 11ኛና 12ኛ ያለነው ከዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና ከመምህራን ጋር ሆነን 60,000 ገደማ ሰው በየገጠሩ ተበተነ። ፊደል አስቆጠርን፣ ጉድጓድ ቆፈርን፣ የካቲት 25 የመሬት አዋጁ ሲታወጅ ደግሞ ገበሬ ማኅበር አደራጁ ተባልን። የተማርኩትን አልክድም፣ የከተማ ልጅ ነበርኩ፣ አንድ ጥንድ በሬ የሌለው ሰው እንዴት እንደሚኖር ያየሁት እዛ ነው፣ የጎረቤቱን በሬ በጉልበቱ እየከፈለ እንደሚያርስ ማንም መምህር አልነገረኝም። እስከ ዛሬ ድረስ ስለ ሀገሬ የማውቀው ብዙው ነገር ከዛ የመጣ ነው።

ነገር ግን ግዴታ ነበር። አልሄድም ያለ ትምህርትም ሥራም አያገኝም ተባለ። ከባለርስት ጋር ግጭት ሲነሳ የሞቱ ጓደኞች አሉን፣ ጥለው የጠፉም ብዙ ናቸው፣ ትምህርታችንም ተቋረጠ። የዛን ጊዜ ለልጁ ተጠያቂው ማነው ተብሎ የጠየቀ አልነበረም። ልጅቷ ከክትባት በር ላይ የተማረችውን ሳነብ ደስ ብሎኛል መምህርት፣ ግዴታ የሚለውን ቃል ግን አውጪው። ወጣት ልኮ ማዘዝ የለመደ ሰው ነገ ወዴት እንደሚልክ አይታወቅም።

አባት ከአየር ጤና
ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ፣ እኔም የፈራሁት እሱን ነው። መጀመሪያ ሁለት ሳምንት ይላሉ ከዛ ለፕሮግራም ማድመቂያ ውጡ ማለት ይመጣል።

እናት ከሲልቨር ስፕሪንግ
እኔ ያለሁት ሜሪላንድ ነው፣ እዚህ 75 ሰዓት የማኅበረሰብ አገልግሎት ያላሟላ ልጅ ከሃይስኩል አይመረቅም፣ ለሁሉም ተማሪ ግዴታ ያደረገች የመጀመሪያዋ ስቴት እሷ ናት። ግን በአንድ ክረምት አይደለም፣ እኛ ካውንቲ 5ኛ ክፍል ካለቀበት ክረምት ጀምሮ ትንሽ ትንሽ እያለ ይሰበሰባል፣ የተወሰነው ደግሞ ክፍል ውስጥ ከሚሠሩት ፕሮጀክት ይያዛል፣ ስለዚህ ጥናቱን አይነካም። ዝግጅት፣ ሥራው ራሱ፣ ከዛ መለስ ብሎ ምን አየሁ ብሎ ማሰብ የሚባሉ ሦስት ደረጃዎች አሉት፣ እውነቱን ለመናገር ብዙ ልጆች ሦስተኛውን ፎርሙ ላይ አንድ ሁለት መስመር ጽፈው ያልፉታል።

ሁለት ልጆች አሉኝ። ትልቁ ሰዓቱን የሞላው ምግብ በሚታደልበት ቦታ ቆርቆሮ እየደረደረ ነው፣ ምግቡን የሚወስደውን ሰው አይቶት አያውቅም፣ ዛሬ ብትጠይቁት ስለዛ ምንም የሚለው የለውም። ትንሿ ግን ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ለዜግነት ፈተና የሚዘጋጁ አዛውንቶችን ታግዝ ነበር፣ ከነሱ ውስጥ የኛ ሰዎች አሉ፣ ጥያቄውን በአማርኛ ማስረዳት ሲኖርባት ቤት እየመጣች እማ ሴኔት ምን ይባላል ሕገ መንግሥት ምን ይባላል ትለኝ ጀመር። ለዓመታት ያልቻልኩትን አማርኛ እነሱ አስተማሯት፣ ለትልልቅ ሰው እርስዎ ማለት የጀመረችውም እዛ ነው። ሕጉም ሰዓቱም አንድ ነው፣ የለያያቸው አንደኛዋ ሰው ፊት መቀመጧ ነው።

የገጠር መምህር (ደቡብ ወሎ)
የከተማውን ክርክር እየተከታተልኩ ነበር፣ የኛን ተማሪዎች ማንም አላነሳቸውም። የኔ ተማሪ ከወረዳው ከተማ ቤት ተከራይቶ ነው የሚማረው፣ ስንቅ ከቤተሰብ እየመጣለት፣ ቅዳሜ እሱ ራሱ በእግሩ ሄዶ እያመጣ። ክረምት ሲሆን ወደ ቤቱ ይመለሳል። እርሻው አለ፣ ዘሩ አለ፣ የጤፍ አረም አለ። ሴቶቹ ደግሞ ውሃውም እንጨቱም ይጠብቃቸዋል። ኢንተርንሺፕ ግዴታ ነው ካላችሁት ልጁ ለአዲሱ ዓመት ስንቅ የሚሆነውን ነገር ትቶ ከተማ ቤት ኪራይ እየከፈለ ወረዳ ቢሮ ይቀመጣል ማለት ነው፣ እንደዛ ከሆነ መስከረም ላይ አይመለስም፣ አቋርጧል ማለት ነው። ደግሞ ሥራ አያውቅም የሚባለው ስለ ማን ነው? እነዚህ ልጆች ከ7 ዓመታቸው ጀምሮ ሰው ከብቱን አደራ ብሎ ሰጥቷቸዋል።

የቴክኒክና ሙያ አሰልጣኝ
@የገጠር መምህር ተቀብያለሁ፣ እኔ ያየሁት የከተማውን ልጅ ነው። ግን አንድ ልጠይቅህ፣ ልጁ እርሻ ላይ እያለ ከግብርና ባለሙያው ጋር ቢያያዝስ? ቀበሌው ላይ የአርሶ አደር ማሰልጠኛ አለ አይደል?

የገጠር መምህር (ደቡብ ወሎ)
እሱ ያዋጣል፣ ባለሙያው እዛው ነው ያለው ልጁም እዛው ነው። የአባቱን ማሳ ግማሹን በመስመር ግማሹን በብተና ዘርቶ፣ ዘሩንም ማዳበሪያውንም ለክቶ፣ ምርቱን መዝኖ ቢመጣ እኔ ማትሱንም ባዮሎጂውንም ከዛ ላይ አስተምርበታለሁ። ችግሩ አባትየው እርሻዬን ለልጅ መሞከሪያ አላደርግም ሊል ይችላል፣ መብቱ ነው፣ ዓመቱን የሚበላው ከዛ ነው። ጥግ ላይ ትንሽ ቦታ ከሰጠ ግን በቂ ነው።

አዋላጅ ነርስ
ከጤና ጣቢያ በኩል ልናገር። መምህርት ክትባት በር ላይ ማድረጋችሁ ጥሩ ነው ግን ይሄንን ሌላ ትምህርት ቤት ሰምቶ ካርድ ክፍል ተማሪ እንዳያስገባ በናታችሁ። የሰፈር ጤና ጣቢያ ነው፣ ልጁ የጎረቤቱን ካርድ ያያል፣ ኤችአይቪ ክትትል ያለው አለ፣ ቲቢ መድኃኒት የሚወስድ አለ፣ ያልተነገረ እርግዝና አለ። አንዲት ሴት የጎረቤቷ ልጅ ካርድ ክፍል ተቀምጦ ካየች ሁለተኛ አትመጣም፣ መድኃኒት ልታቋርጥ ትችላለች። ክትባት በር ላይ፣ መጠበቂያው ጋ፣ ስለ ወባና ስለ ንፅህና ትምህርት ሲሰጥ በማገዝ፣ እዛ ደስ ይለናል፣ ሥራ ይበዛብናል እውነት ነው። ከመግባታቸው በፊት ግን ያዩትን እንዳያወሩ ቁጭ አድርጎ ማስረዳት አለ፣ ያ ራሱ ትልቅ ትምህርት ነው፣ ቤት ሄዶ ለእናቱ እንኳ የማይናገረው ነገር እንዳለ ማወቅ።

የሕግ ባለሙያ
አጭር ነገር ልጨምር። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 መሠረት ከ15 ዓመት በታች መቅጠር ክልክል ነው፣ ከ15 እስከ 18 ያለው ወጣት ሠራተኛ ነው የሚባለው፣ በቀን ከ7 ሰዓት በላይ አይሠራም፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓትም አይሠራም። ኢንተርንሺፕ ቅጥር አይደለም የሚል ክርክር ይመጣል፣ ለኔ ግን ትምህርት ቤቱ እነዚህን ገደቦች መጣስ የለበትም። ልጁ ምን እንደሚሠራ ወረቀት ላይ ይጻፍ፣ ወላጅ ይፈርም፣ ቢጎዳ ማን እንደሚያሳክመው ይጻፍ። ያልተከፈለው ሠራተኛ እንዳይሆን።

የሁለት ሴት ልጆች እናት
የሕግ ባለሙያው ያላነሳው አለ። ሴት ልጅን ብቻዋን ቢሮ ውስጥ ከማላውቀው ትልቅ ሰው ጋር አላስቀምጥም፣ ማንም ቢለኝ። ሁለት ሦስት ሆነው ይግቡ፣ ቅር ያላት ነገር ካለ ወዲያው የምትደውልላት ሴት መምህር ትኑር፣ ያለ ምንም ጥያቄ ነገ አልሄድም ማለት ትችል። ይሄ ካለ ልጆቼን እኔ ራሴ አመጣቸዋለሁ፣ ምክንያቱም ትልቋ ሰው ፊት መናገር ስለሚያስፈራት የምታውቀውን ሳትመልስ ነው የምትመጣው።

የባዮሎጂ መምህርት
ሁላችሁንም አንብቤያለሁ። ጋሼ ያሉኝንና የወሎው ባልደረባዬ ያለኝን ይዤ ትምህርት ቤት ስብሰባ ላይ የማቀርበው ግዴታው በተቋሙ ላይ እንዲሆን ነው፣ በልጁ ላይ አይደለም። ልጅ የሚቀበል ቦታ ኃላፊነቱን የሚወስድ አንድ ሰው በስም ይስጠን፣ ከሦስት ልጅ በላይ አንልክበትም፣ ታክሲው ከወላጅ ኮሚቴ ይሸፈን። ልጁ ደግሞ በየሳምንቱ ያየውን አንድ ገጽ ጽፎ ያምጣ፣ እኔ አነበዋለሁ፣ ክፍል ውስጥም እንወያይበታለን። @አባት ከአየር ጤና ቱቶሪያሉ ጠዋት ከሆነ ከሰዓት በኋላ ይግባ፣ አይጋጭም።

አባት ከአየር ጤና
ግዴታው ከልጁ ላይ ከተነሳ እኔ የምከራከርበት ነገር የለኝም። ልጄን እጠይቀዋለሁ። ግን ታክሲውን ወላጅ ኮሚቴ ይሸፍን ያልሽው አይሆንም፣ ባለፈው ለወንበር ጥገና እንኳ ስንት ወር ነው ያዋጣነው። ወረዳው ልጆቹን ከፈለጋቸው ትራንስፖርቱን እሱ ይቻል።

ተማሪ ነኝ 12ኛ
ነርሷን ልጠይቅ፣ እናንተ ጋ ዘንድሮ ትቀበላላችሁ? እኔ 12ኛ ነኝ ግን ታናሽ እህቴ 11ኛ ናት፣ ጤና መማር ነው የምትፈልገው።

አዋላጅ ነርስ
ከትምህርት ቤት ደብዳቤ ታምጣ፣ የወላጅ ፊርማ ያለበት። ጓደኛዋንም ይዛ ትምጣ። የእናቶች ብዛት ጠዋት ስለሆነ 2 ሰዓት ላይ ትድረስ፣ ሽፍን ጫማ ታድርግ።