ፓወር ሰፕላዩ 500 ዋት ይላል፤ ግራፊክስ ካርዱን ይችለዋል?

ጠባሴ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ደብረ ብርሃን ያለ የአንድ ማተሚያ ቤት ኮምፒውተር ላይ አርቲኤክስ 3060 የተባለ ግራፊክስ ካርድ ሊገጠም ነው። ፕሮሰሰሩ ኮር አይ5 10400 ነው። ለክፍሎቹ ኃይል የሚያከፋፍለው ፓወር ሰፕላይ ላይ በትልቁ 500 ዋት ተጽፏል። ከሥሩ ያለው ሰንጠረዥ ግን 12 ቮልት 18 አምፔር፣ 5 ቮልት 25 አምፔር፣ 3.3 ቮልት 22 አምፔር ይላል። ይበቃል ወይስ ይቀየር? ፓወር ሰፕላይ ላይ ብሮንዝና ጎልድ ተብሎ የሚጻፈውስ አቅሙን ነው?

አንኮበር፦
ይቀየር። ትልቁን ቁጥር ተወውና የ12 ቮልቱን መስመር እይ፤ ፕሮሰሰሩም ካርዱም የሚስቡት በዋናነት ከእሱ ነው። ቮልቱን በአምፔሩ ስታባዛው 216 ዋት ነው። ካርዱ ብቻውን 170 ይወስዳል። 10400 ደግሞ 65 ዋት ይባል እንጂ ሥራ ሲበዛበት ለአጭር ጊዜ እስከ 134 ይወጣል። ሁለቱ ብቻ 304 ሆኑ፤ ዲስኩና ማራገቢያው ገና አልተቆጠሩም። ሦስቱንም መስመር ብትደምር እንኳ 414 ገደማ ነው፤ 500 የሚለውን ራሱ ሰንጠረዡ አይደግፈውም።

እንዲሁ ከተገጠመ ዊንዶውስ በደንብ ይነሳል፣ ዎርድም ይሠራል። ቪዲዮ ሬንደር (የተቀናበረውን ቪዲዮ አስልቶ ማውጣት) ሲጀመር ግን 12 ቮልቱ ከ11.4 በታች ይወርድና ማሽኑ ድንገት ይጠፋል። ብዙ ሰው ያኔ ካርዱን ይጠረጥራል፤ ራም መንቀል ይጀምራል።

550 ዋት ሆኖ በ12 ቮልት ብቻ ከ42 አምፔር የማያንስ ግዛ። የ12 ቮልቱ መስመር ሁለት ሆኖ ከተጻፈ አምፔራቸውን አትደምር፤ የጋራ ጣሪያቸው በዋት ለብቻው ይጻፋል። የካርዱ ባለ 8 ፒን ገመድ ከፓወር ሰፕላዩ ራሱ የወጣ ይሁን። ከዲስክ ገመድ በአዳፕተር የተቀጠለ ይግላል፣ ሶኬቱም ይቀልጣል።

ሸዋ ሮቢት፦
ብሮንዝና ጎልድ የብክነት መለኪያ ናቸው፣ አቅም አይነግሩም። ብሮንዝ በግማሽ ጭነት 85 በመቶ ያህሉን ያስተላልፋል። 300 ዋት ለመስጠት ከግድግዳው 353 ይስባል፤ 53ቱ ሙቀት ይሆናል።

ይልቅ አቅሙ በስንት ዲግሪ እንደተለካ ጠይቅ። በ25 ዲግሪ የተለካ ሲግል የተጻፈበትን አይሰጥም። የደብረ ብርሃን ብርድ ያግዝሃል፤ እኛ ጋ ቆላው ላይ ግን የሳጥኑ ውስጥ 40ን በቀላሉ ያልፋል። 40 ወይም 50 የሚል ይሻላል።

ጠባሴ፦
አመሰግናለሁ። መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚያቆየው ዩፒኤስ 650 ቪኤ ነው፤ ይሸከመዋል?

አንኮበር፦
ቪኤ (ቮልት በአምፔር ሲባዛ) ዋት አይደለም። ባለ 650ው አብዛኛውን ጊዜ ከ360 እስከ 390 ዋት ነው፤ ሞኒተሩ ሲጨመር ሬንደር ላይ መብራት ከሄደ አብሮ ይጠፋል። ጀርባው ላይ 600 ዋት የሚል ፈልግ።

ሸዋ ሮቢት፦
መብራቱ ዝቅ ከፍ ስለሚል ፓወር ሰፕላዩን ስትገዛ መግቢያው ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚለውን ምረጥ፤ ከ200 የሚጀምረው ቮልቴጅ ሲወርድ ቶሎ ይጠፋል። ጀርባው ላይ ቀይ ማብሪያ ካለው ከመሰካትህ በፊት 230 ላይ መሆኑን አረጋግጥ። 115 ላይ ሆኖ ከተሰካ ወዲያው ይፈነዳል። የተቃጠለውንም አትክፈተው፤ ከሶኬት ተነቅሎም ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅመው ካፓሲተር 300 ቮልት አካባቢ ይዞ ሊቆይ ይችላል።