«ተዋሕዶዎች ማራኬሽን ነጠቁ» ሲል ምን ማለቱ ነው?

ብዕረ ሰነፍ፦ እንዴት አመሻችሁ። አንድ የታሪክ ትርጉም እያረምኩ እዚህ ላይ ተገትሬያለሁ፦ «እ.ኤ.አ. በ1147 ተዋሕዶዎች ማራኬሽን ከተከናናቢዎች ነጠቁ።» መቼስ ያን ጊዜ ሞሮኮ ውስጥ የእኛ ሰበካ ጉባኤ አልነበረም! ምን ልበላቸው? ተከናናቢዎቹስ እነማን ናቸው? ነገ ማስረከብ አለብኝ።

የቆሎ ተማሪ፦ ሃሃ! «አል-ሙወሒዱን» የሚለውን የዐረብኛ ስም ቁጭ አድርጎታል። የአትላስ ተራራ በርበሮች ናቸው፣ ማስሙዳዎች። መሪያቸው ኢብን ቱመርት «አምላክ አንድ ነው፣ አካል አትስጡት» ብሎ ተነሳ። ከተማዋን ሳይዛት ሞተ። የያዛት ተተኪው አብዱልሙእሚን ነው። ሥሩ ያው የእኛው ወ-ሐ-ደ ነው። ወልድ ዋሕድ እንል የለ? ተርጓሚው ምን አጠፋ?

ባለ አንድምታ፦ ብዙ ነዋ! ተዋሐደ ስትል ሁለቱ አንድ ሆኑ ማለትህ ነው። መለኮትና ትስብእት፣ ያለ መቀላቀል፣ ያለ መለያየት። የዐረብኛው ወሐደ ግን ሐ ይጠብቃል። «አንድ ነው ብሎ መሰከረ» ነው። ሁለት የሚባል ነገር አያውቅም። ኢብን ቱመርት ምሥጢረ ሥጋዌን ቢሰማ ጨርቁን ጥሎ ያብድ ነበር።

የቆሎ ተማሪ፦ የኔታ፣ ሥሩን አልኩ እንጂ ምሥጢሩን መች አልኩ?

ባለ አንድምታ፦ ሥር ብቻ ከሆነማ በትግርኛ ውሑድ ጥቂት ነው። «ጥቂቶቹ ማራኬሽን ነጠቁ» ይባልልህ?

እንጀራ ፈላጊ፦ «አሐዳውያን» በሉትና ይለቅ።

የቆሎ ተማሪ፦ «አሐዳውያን ከተማውን ያዙ» ብለህ ፌስቡክ ላይ ለጥፍና ኮሜንቱን ቁጠር። ተከናናቢዎቹ ፌዴራሊስቶች ሊሆኑ ነው።

ሥረ ቃል፦ ሁላችሁም የዘለላችሁት አለ። ማራኬሽ ራሷ አማርኛ ናት! ማረከ፣ ማራኪ፣ ማራኪሽ። በርበርም ከበረበረ ነው።

ባለ አንድምታ፦ በርበሬን ምነው ረሳኸው? በርበር ከግሪኩ ባርባሮስ ነው። ንግግሩ ያልገባቸውን ሁሉ እንደዚያ ይሉት ነበር። ሰዎቹ ራሳቸውን አማዚግ ነው የሚሉት። ማራኬሽንም ብዙ ሊቃውንት በእነሱው ቋንቋ «የአምላክ ምድር» ብለው ይፈቷታል። ሞሮኮ የሚለው ስም እንኳ ከእሷ ነው የወጣው።

ሥረ ቃል፦ ግን ማራኪሽ ትንሽም አላሳመንዎትም?

መንገደኛዋ፦ እኔ ሄጄ አይቻታለሁ። ኩቱቢያ መስጊድ አጠገብ የዓምድ ጉቶዎች ተደርድረዋል። ሙወሒዶች መጀመሪያ የሠሩት መስጊድ ነው። እዚያው ጎን ያንኑ የመሰለ ሌላ ደገሙ። ማማው 77 ሜትር ገደማ ነው፣ አንገቴን አመመኝ። ኩቱቢያ የተባለው በመጻሕፍት ሻጮቹ ነው አሉን። ከእኛ ክታብ ጋር ይገናኛል?

የቆሎ ተማሪ፦ እንዴታ! ከተበ ጻፈ ነው። ክታብም ክትባትም።

እንጀራ ፈላጊ፦ ክትባት ምኑ ጽሕፈት ነው?

የቆሎ ተማሪ፦ ክንድህን ጭረው ይጽፉብሃላ። ልጅ ሆነህ አልተከተብክም?

ብዕረ ሰነፍ፦ ኧረ ጎበዝ፣ ተከናናቢዎቹ?

የቆሎ ተማሪ፦ ሙራቢጦች ናቸዋ። ሳንሃጃ በርበሮች፣ ከሰሃራ የመጡ። ማራኬሽን በ1070 ገደማ የቆረቆሩት እነሱ ናቸው። ወንዶቹ እስከ ዓይናቸው ሥር ፊታቸውን ይጠቀልሉ ነበር። ኢብን ቱመርት «ሴት መሰላችሁ» እያለ ይሰድባቸው ነበር። ረበጠ በዐረብኛ አሰረ ነው። ረብጣ ብር የምንለውም ከዚያው ይመስለኛል።

እንጀራ ፈላጊ፦ ረብጣውን በስም ብቻ ነው የማውቀው። ከሙወሒዶች በኋላስ ማን ያዛት?

የቆሎ ተማሪ፦ መሪኒዶች የሚባሉ ሌሎች በርበሮች፣ በ1269። መናገሻቸው ግን ፌዝ ነበር።

እንጀራ ፈላጊ፦ የምን ፌዝ ነው? የምሬን ነው የጠየቅኩህ።

ባለ አንድምታ፦ ወደ ቁም ነገሩ። ተከናናቢ ስሕተት ነው። ነጠላ የምትከናነበው ከራስህ ላይ ነው፣ ፊትህ ይታያል። ጋቢ ተጀቡነህ ስትቀመጥ ነው ዓይንህ ብቻ የሚቀረው።

የቆሎ ተማሪ፦ የኔታ፣ የተጀቦነ ሰው ብርድ የመታው ነው። ፈረስ ላይ ተጀቡኖ የሚዋጋ አይተዋል?

ባለ አንድምታ፦ አያቴ ተጀቡነው ነው የዘመቱት!

ብዕረ ሰነፍ፦ «ሙወሒዶች» ብዬ አሁን ላክሁት። ተከናናቢዎቹን እንዳሉ ተውኳቸው።

ሥረ ቃል፦ ቆይ ቆይ። ተጀቦነ ከጀበና አይመጣም?