ልጄ የፖሊዮ ክትባቷን ጨርሳለች፣ የዘመቻውን ጠብታ ድጋሚ ትውሰድ?

የከዚራዋ፦
ሰላም የድሬ ልጆች፣ ልጄ አንድ አመት ከምናምን ሆኗታል፣ ጠብታውንም መርፌውንም ወስዳ ጨርሳለች፣ ቤት ለቤት የሚዞሩት መጥተው ካርዷን ባሳያቸውም ትውሰድ አሉኝ፣ ነገ ተመልሰው ይመጣሉ። አይበዛባትም? ደሞ በዚህ ሙቀት ሲዞር የዋለ ክትባት ይሰራል እንዴ?

ሳቢያን ሰፈር፦
አቦ አስወስጃት፣ አይበዛባትም። ሁለቱ ስራቸው ይለያያል። መርፌው ሳልክ የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም የሰራው ነው፣ ቫይረሱን በፎርማሊን ገድሎ፣ እንደሚሰራ የታወጀው በፈረንጆች 1955 ነው። ጠብታው ደሞ ሳቢን የሚባል ሌላ ሐኪም የሰራው ነው፣ እሱ ቫይረሱን አዳክሞ በአፍ እንዲሰጥ አደረገው፣ የሚገርመው ሰውየው አሜሪካ እየኖረ በሰፊው የተሞከረው ሶቭየት ህብረት ነው፣ ያውም በቀዝቃዛው ጦርነት ጊዜ! መርፌው ልጅሽን ሽባ ከመሆን ያድናታል ግን ቫይረሱ አንጀቷ ውስጥ እንዳይራባ ብዙም አይከለክልም፣ አንጀት ላይ የሚሰራው ጠብታው ነው፣ ለጎረቤት ልጅ እንዳይተላለፍ ማለት ነው።

የሰሚር አባት፦
ጠብታው ራሱ ፖሊዮ ያመጣል ሲባል ሰምቻለሁ ግን

ጤና ኤክስቴንሽን፦
ወንድሜ የሰማኸው ከመሬት ተነስቶ የተወራ አይደለም ግን ግማሹ ቀርቶብሃል። የተዳከመው ቫይረስ ብዙ ያልተከተበ ልጅ ያለበት ሰፈር ሲገባ ከአንዱ ወደ አንዱ እየተላለፈ ቆይቶ ሊለወጥና ጉልበት ሊያገኝ ይችላል፣ የፖሊዮ ቫይረስ ሶስት አይነት ነው፣ 1፣ 2 እና 3፣ ሱማሌ ክልል በፈረንጆች 2019 የተገኘው እንደዛ የተለወጠ አይነት 2 ነው። ሁሉም ልጅ ከተከተበ ግን መሄጃ ያጣል። ለዚህም ነው ቶሎ እንዳይለወጥ ተደርጎ የተሰራው አዲሱ የአይነት 2 ጠብታ የመጣው፣ አሁን ይዘን የምንዞረው እሱን ነው። እህቴ፣ ካርዷ ላይ ያለው ጠብታ ከፈረንጆች 2016 ወዲህ አይነት 1 እና 3 ብቻ ነው የያዘው፣ የአይነት 2ን ጠብታ አልወሰደችም፣ ስለዚህ ድጋሚ አይባልም።
ሙቀቱን በተመለከተ ብልቃጡን አሳዩኝ በያቸው፣ ማንም አይቆጣሽም። ክብ ምልክት አለችው፣ መሃሏ ነጣ ያለ አራት ማዕዘን፣ ሙቀት ባገኘው ቁጥር እየጠቆረ ይሄዳል፣ ከዙሪያው ክብ ጋር አንድ ከሆነ ወይ ከባሰ ይጣላል፣ ለአንድም ልጅ አንሰጥም።

የከዚራዋ፦
እግዜር ይስጥልኝ፣ ግቢያችን ውስጥ ካርድ የሌላቸው ሁለት ልጆች አሉ፣ ከገጠር በቅርቡ የመጡ ናቸው፣ እነሱስ?

ጤና ኤክስቴንሽን፦
ከ5 አመት በታች ከሆኑ በደንብ! ለዘመቻ ካርድ አንጠይቅም፣ ጠብታውን ሰጥተን ጣታቸው ላይ በማርከር ምልክት እናደርጋለን በቃ። እነሱን በተለይ እንዳታሳልፊያቸው፣ ጠዋት ከቤት እንዳይወጡ ለእናታቸው ዛሬውኑ ንገሪልኝ።