ሱቅ የነበረ ፎቅ መኖሪያ ሲሆን ቅርሱ ድኗል ወይስ ጠፍቷል? የፕሮቪደንሱ አርኬድ ጉዳይ

አወያይ፦
የፒያሳ አሮጌ ሱቆች በ2016 ዓ.ም. ከፈረሱ ወዲህ በዚህ ቡድን የተነሳው ክርክር ሁሉ ወደ መዘላለፍ እያመራ ስላስቸገረን፣ ለዛሬ ሆን ብለን ራቅ ያለ ምሳሌ መርጠናል። በአሜሪካ ሮድ አይላንድ ግዛት፣ በፕሮቪደንስ ከተማ መሀል፣ «አርኬድ» የሚባል ባለ መስታወት ጣሪያ የገበያ አዳራሽ አለ። በ1828 የተሠራ ሲሆን፣ በአገሩ ዛሬም ከቆሙት መሰል አዳራሾች ሁሉ በዕድሜ ቀዳሚ እንደሆነ ይነገርለታል። በ2008 ለእድሳት ተዘግቶ በ2013 ሲከፈት ሱቅ የቀረው በምድር ወለሉ ላይ ብቻ ነበር፤ ከዚያ በላይ ያሉት ሁለት ወለሎች 48 ጥቃቅን መኖሪያዎች ሆነዋል። ይህ ቅርስን ማዳን ነው ወይስ ማጥፋት? ዓመቶቹ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር መሆናቸው ይታወቅ።

የታሪክ መምህሩ፦
ማዳን ነው ባይ ነኝ፤ ምክንያቴም ከሕንፃው ከራሱ ታሪክ የሚነሳ ነው። ሐሳቡ የመጣው ከፓሪስና ከለንደን ነበር። ደንበኛው ከመንገዱ ጭቃና ከጋሪው ግፊያ ተገላግሎ፣ ዝናብ ሳይነካው፣ ከላይ በሚገባ ብርሃን ከሱቅ ወደ ሱቅ እንዲዘዋወር ማድረግ ነበር ዓላማው፤ ለንደን በርሊንግተን አርኬድን በዚሁ ሐሳብ የከፈተችው በ1819 ነው። የፕሮቪደንሱን የነደፉት ራስል ዋረንና ጄምስ ባክሊን ሲሆኑ፣ ሁለቱ ፊቶቹ እንደማይመሳሰሉ መንትዮች ናቸው፤ በዌስትሚንስተር ጎዳና በኩል የግሪክ ቤተ መቅደስ የሚመስል ባለ ሦስት ማዕዘን ግንባር አለው፣ በዌይቦሴት ጎዳና በኩል ደግሞ ደረጃ ደረጃ እየሆነ የሚወጣ ግንባር አለው። በሁለቱም በኩል የቆሙት አምዶች እያንዳንዳቸው ከአንድ ወጥ ግራናይት የተጠረቡ ናቸው።

ይህ ሁሉ ግርማ ግን የላይኞቹን ሱቆች ሊያከራይ አልቻለም። የከተማው ሰው ዋናውን ባለሀብት ሳይረስ በትለርን በማሾፍ ሕንፃውን «የበትለር ቂልነት» ብሎ እስከ መጥራት ደርሶ ነበር። ችግሩ የፕሮቪደንስ ብቻም አልነበረም፤ በፊላዴልፊያ ጆን ሃቪላንድ ነድፎት በ1827 የተከፈተው አርኬድ የላይኛው ወለሉን ገና ከጅምሩ ለፒል ሙዚየም አከራይቶ ነበር፤ ያም ሆኖ አርባ ዓመት ሳይሞላው ፈርሷል። ስለዚህ ላይኛው ፎቅ «ከሱቅነት ወረደ» ተብሎ ሲታዘንለት ይገርመኛል፤ ሱቅነቱ መቼ ሰመረለትና ነው? በ2013 የተደረገው ከ180 ዓመት በላይ ሲንከባለል ለመጣ ጥያቄ መልስ መስጠት ነው።

አርክቴክቷ፦
መምህር ያቀረቡትን ታሪክ አከብራለሁ፤ ድምዳሜዎን ግን አልቀበለውም። አርኬድ ሕንፃ ብቻ ሳይሆን መንገድም ነው። በዌስትሚንስተር ገብቶ በዌይቦሴት ለመውጣት ምንም ነገር መግዛት አያስፈልግም፤ መኳንንቱም ሥራ ፈቱም እኩል ያልፍበታል። ደረጃውን ወጥቶ፣ የሰገነቱን የብረት መከታ ተደግፎ፣ ቁልቁል የሚተላለፈውን ሰው መመልከት የሕንፃው ግማሽ ፍሬ ነበር። ዛሬ ያ ሰገነት የሰው ደጃፍ ሆኗል፤ ድሮ ዕቃ ይደረደርበት የነበረው የሱቅ መስታወት ከጀርባው አልጋ አለበት። ደግሞስ ምን ዓይነት መኖሪያ ነው? ትንንሾቹ ክፍሎች 21 ካሬ ሜትር ገደማ ሲሆኑ ምድጃ የላቸውም፤ ነዋሪው በማይክሮዌቭ እያሞቀ ይበላል። ሽሮ የማይንተከተክበት ቤት ቤት ይባላል ወይ የሚለውን ክርክር ለሌላ ሳምንት አቆየዋለሁ። የዛሬው ነጥቤ፣ ድንጋዩ ቆሞ ሕዝቡ ከላይኛው ወለል ከወጣ የዳነው ቅርስ ግማሹ ብቻ ነው የሚል ነው።

ነጋዴው፦
ከመርካቶ የመጣ ሰው ስለሆንኩ ስለ አምድና ስለ ግንባር የምለው የለኝም፤ ስለ ደረጃ ግን አውቃለሁ። የዛሬ ስምንት ዓመት ስሙን በማልጠራው ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ የብርድ ልብስና የአንሶላ ሱቅ ተከራይቼ ነበር። አከራዩ አሳንሰሩ በሁለት ወር ውስጥ ሥራ ይጀምራል ብሎኝ ነበር፤ አሥራ አራት ወር ከፍዬ ስወጣ የአሳንሰሩ ጉድጓድ በጣውላ እንደተዘጋ ነበር። ደንበኛ ታች ያለውን ሁሉ አዳርሶ፣ ያጣው ነገር ካለ ብቻ ነው ሽቅብ የሚያየው። ታች ግን ምን ይታጣል? እህታችን ያሞገሱትን መከታውን ተደግፎ ቁልቁል ማየት እኔም ከጠዋት እስከ ማታ ሠርቼበታለሁ፤ የማየው የምድር ወለሉ ባለሱቅ የእኔኑ ዓይነት ብርድ ልብስ በእስር በእስር ሲሸጥ ነበር። ባዶ ሱቅ የቅርስ ጠባቂ አይደለም። እኔ ብሆን በዓመቱ ለመኖሪያ አከራየው ነበር።

አርክቴክቷ፦
ወንድሜ፣ በገዛ ቃሌ ያዙኝ። የላይኞቹ ሱቆች እንደ ሱቅ አዋጭ አለመሆናቸውን እቀበላለሁ። ታዲያ ሌላ የሕዝብ አገልግሎት አይታሰብም ነበር? ንባብ ቤት፣ የሥዕል ማሳያ፣ የእጅ ባለሙያዎች መሥሪያ፤ የፊላዴልፊያውን ሙዚየም የጠቀሱት እኮ መምህር ራስዎ ነዎት።

የታሪክ መምህሩ፦
ይታሰብ ነበር፤ የሚከፍልለት ካለ። ሕንፃው በ1944 ሊፈርስ ሲል የደረሰለት የሮድ አይላንድ የዓይነ ስውራን ማኅበር ነው፤ በመስታወት ጣሪያው ብርሃን የሚደነቅ ሕንፃ በእነርሱ እጅ መትረፉን ሳስብ ሁልጊዜ ልቤ ይነካል። በ1976 ብሔራዊ ታሪካዊ ምልክት ሆኖ ተመዘገበ፣ ዳግመኛም ታድሶ ሱቅ ሆነ። በ1999 ግን ፕሮቪደንስ ፕሌስ የተባለው ግዙፍ የገበያ ማዕከል መኪና ማቆሚያውን ይዞ እዚያው መሀል ከተማ ተከፈተ። ክብሩና ምዝገባው ከመፍረስ ይከላከሉ ይሆናል፤ ኪራይ ግን አያመጡም።

አርክቴክቷ፦
እንግዲያው የመጨረሻ ተቃውሞዬን ላቅርብ፤ እስካሁን ካልኩት ሁሉ የሚያሳስበኝም ይኸኛው ነው። መኖሪያዎቹ መጀመሪያ በኪራይ ተሰጡ፤ ኋላ ግን እንደ ኮንዶሚኒየም አንድ በአንድ ወደ መሸጥ ተኬደ። እኔ የምኖረው አዲስ አበባ ውስጥ በሚገኝ ኮንዶሚኒየም ምድር ወለል ነው። ነፋስ የጣሪያችንን ቆርቆሮ ካነሳው ሦስት ክረምት አልፎታል፤ አራተኛ ፎቅ ያሉት ጎረቤቶቻችን ባልዲ ደርድረው ያድራሉ፣ ታች ያለነው ደግሞ ውሃው እኛ ጋ አልደረሰም እያልን፣ እኔም ጭምር አፍሬ እናገራለሁ፣ መዋጮውን እናጓትታለን። ያ የመስታወት ጣሪያ ሲሰነጠቅ ከ48ቱ ክፍሎች ባለቤቶች መካከል ሒሳቡን ማን ይከፍላል?

የታሪክ መምህሩ፦
ይህን አላሰብኩበትም። የላይኛው ወለል ከሱቅነት ወደ መኖሪያነት መለወጡን አሁንም ማዳን ነው እላለሁ፤ ክፍሎቹን ለየባለቤቱ ቆራርሶ መሸጡን ግን በዚያው «ማዳን» ውስጥ ማካተቴን እተዋለሁ።

ነጋዴው፦
አንድ ነገር ልጨምር። እህታችን ያሉበት ኮንዶሚኒየም ላይ ውሃው ታች እስኪደርስ አራት ፎቅ ማቋረጥ አለበት። የአርኬዱ መሀል ግን ከወለል እስከ መስታወቱ ክፍት ነው፤ ጣሪያው ሲያፈስ ውሃው ሰገነቶቹን አልፎ ቀጥታ የሚወርደው ምድር ወለሉ ላይ፣ ባለሱቆቹ ደጃፍ ነው። እዚያ ቤት መዋጮውን ቀድሞ የሚያወጣው ታች ያለው ነጋዴ ይመስለኛል።